ሰፈራችን ውስጥ የሲጋራ ሱቅ ቁጥር እንዲገደብ ከተማውን እንዴት እንጠይቅ፡ ከቆጠራ እስከ ካውንስል

ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሰው በእግር ነው፣ ቢበዛ አስራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ቀን በመንገዳችን ላይ ሲጋራ ወይ ቬፕ (የኤሌክትሪክ ሲጋራ) የሚሸጡትን ቤቶች ልቁጠር ብዬ ቆጠርኩ፣ ዘጠኝ ሆኑ። ሁለት ኮርነር ስቶር፣ ሁለት ሊከር ስቶር፣ ነዳጅ ማደያው፣ የዶላር ዕቃ ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ ሁለት የቬፕ ሱቅ። ሥራ የምሄድበት ሰፈር ደሞ ደህና ገቢ ያላቸው ሰዎች የሚኖሩበት ነው፣ እዛም ያንኑ ያህል ተጉዤ ቆጠርኩ፣ አንድ ብቻ። ከዛ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከነከነኝ፣ ምክንያቱም ከዛ በፊት የኛ ሰፈር ሰው ስለሚያጨስ ነው ሱቁ የበዛው ብዬ ነበር የማስበው፣ ግን ሱቅ ዝም ብሎ አይበቅልም እኮ፣ ሲጋራ ለመሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፈቃዱን የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አለ፣ ዘጠኝ ጊዜ እሺ ያለ ሰው አለ ማለት ነው።

ሲጋራ አሜሪካ ውስጥ በዓመት ከ480,000 በላይ ሰው ይገድላል፣ እና ይሄ ሞት በየሰፈሩ እኩል አልተከፋፈለም፣ ገቢው ዝቅ ያለ ሰፈር ላይ ይከብዳል። ሱቅ ሲበዛ ዋጋ በፉክክር ይወርዳል፣ ማስታወቂያው በየመስኮቱ ይለጠፋል፣ ልጅ ሲጋራን እንደ ዳቦ የተለመደ ነገር አድርጎ ያድጋል። ለማቆም የሚታገል ሰው ደሞ ወተት ሊገዛ ገብቶ ከካሸሩ ጀርባ የሲጋራውን ግድግዳ ያያል። አጎቴ ሦስት ጊዜ አቁሞ ሦስት ጊዜ የጀመረው እንደዛ ነው፣ ለሌላ ነገር ገብቶ።

እዚህ የምጽፈው አሜሪካ ከተሞች ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ነው። አገር ቤት አካሄዱ ሌላ ነው፣ በኛ አቆጣጠር በ2011 (በፈረንጅ 2019) የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትምባሆ መሸጥን፣ ማስታወቂያን፣ ቬፕና ሺሻን መሸጥ ለመላው አገር በአንዴ ከልክሏል። እዚህ ግን ብዙው ነገር በከተማና በስቴት ደረጃ ነው የሚወሰነው፣ ስለዚህ ሰፈርተኛው ተደራጅቶ ከገባ በእርግጥ ይሰማል።

ደረጃ 1፡ መጀመሪያ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ እወቁ

ይሄን ዘለው ፊርማ ማሰባሰብ የሚጀምሩ ሰዎች አሉ፣ ስድስት ወር ደክመው ከተማው ሥልጣን የለውም ሲባሉ ይበተናሉ። የ2009ኙ የፌዴራል የትምባሆ ሕግ ስቴቶችና ከተሞች የራሳቸውን የሽያጭ ገደብ እንዲያወጡ በር ክፍት ትቷል፣ ስለዚህ ከፌዴራል በኩል ችግር የለም። ችግሩ ስቴቱ ነው። አንዳንዱ ስቴት ከተሞች ከሱ የጠነከረ ሕግ እንዳያወጡ እጃቸውን አስሯል።

ብዙ ሐበሻ የሚኖርበትን የዲሲን አካባቢ ብቻ ብናይ እንኳን ሦስት ዓይነት ነው። ዲሲ የራሱ ካውንስል አለው፣ ጣዕም ያለውን ትምባሆ ሜንቶልንም (የሚንት ጣዕም ያለውን ሲጋራ) ጨምሮ መሸጥ ከልክሏል። ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ ካውንቲው ስቴቱ ያልፈቀደለትን ማድረግ አይችልም፣ ስቴቱ በ2024 ነው ትምህርት ቤትና የሕጻናት መዋያ አጠገብ ያሉ የትምባሆና የቬፕ ሱቆችን ቦታ እንዲወስኑ የፈቀደላቸው። ሜሪላንድ ላይ ደሞ በ2013 የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲን የሲጋር (ወፍራሙ የትምባሆ ጥቅል) ሕግ ይሄ የስቴቱ ጉዳይ ነው ብሎ ጥሎታል። የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው ግን ትግሉ የሚጀመርበት በር የተለያየ ነው።

ስለዚህ ወደ ከተማው ወይ ካውንቲው የሕግ ክፍል ደውላችሁ ወይ ኢሜይል አድርጋችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሲጋራ የመሸጫ ላይሰንስ የሚሰጠው ማነው? ከተማው የላይሰንስ ቁጥር መገደብ ይችላል ወይ? በላይሰንስ ካልሆነ በዞኒንግ፣ ማለትም የት ቦታ ምን ዓይነት ሱቅ ይከፈት በሚለው ሕግ፣ ይቻላል ወይ? መልሱን በጽሑፍ ይስጧችሁ፣ በስልክ የተባለ ነገር በኋላ ላይ አልተባለም ሊባል ይችላል። አራተኛ ጥያቄም አለ፣ ብዙ ሰው አያስበውም እንጂ ወሳኝ ነው፦ የጤና ቦርዱ ራሱ ደንብ ማውጣት ይችላል ወይ? ፊላደልፊያ በታኅሣሥ 2016 የሱቅ ገደቡን ያወጣው ሲቲ ካውንስሉ ሳይሆን የከተማው የጤና ቦርድ ነው። ቦርድ ላይ የሚቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ የጤና ሰዎች ናቸው፣ ምርጫ አያስፈራቸውም።

ደረጃ 2፡ ውጡና ቁጠሩ

ከተማው የላይሰንስ ዝርዝር አለው፣ ብዙ ከተማ በኦፕን ዳታ ዌብሳይቱ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከሌለ በጽሑፍ ጠይቁ፣ የሕዝብ መረጃ ስለሆነ ሊሰጧችሁ ይገባል። ዝርዝሩን ግን አትመኑት። የተዘጋ ሱቅ ይኖርበታል፣ ፈቃድ ሳይኖረው የሚሸጥ ደሞ አይኖርበትም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሁለት ሰው ሆናችሁ ሰፈሩን ተካፈሉና በእግር ሂዱ።

ለእያንዳንዱ ሱቅ የምትጽፉት፦ አድራሻ፣ ምን ዓይነት ሱቅ እንደሆነ፣ ሲጋራ ብቻ ነው ወይስ ቬፕም አለ፣ ከውጭ የተለጠፈ ማስታወቂያ አለ ወይ፣ በጣም የረከሰው ፓኬት ስንት ነው፣ ሲጋራው ወይ ቬፑ ከከረሜላ ጎን ተደርድሯል ወይ፣ ማስታወቂያው ከሦስት ጫማ በታች ማለትም በሕጻን ዓይን ልክ ነው ወይ። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ስታርስ የሚባል ነጻ ቅጽ አለ፣ የጤና ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ነው፣ ከሱ የሚጠቅማችሁን ጥያቄ ብቻ መርጣችሁ ውሰዱ፣ ሁሉንም ልሙላ ያለ ሰው አምስተኛው ሱቅ ላይ ይደክማል።

ሃይስኩል ያሉ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ልጆቹ እኛ የማናየውን ያያሉ፣ የትኛው ሱቅ አይዲ እንደማይጠይቅ ያውቃሉ፣ የቬፑን ስም በጣዕሙ ይጠሩታል። ሳንፍራንሲስኮ ላይ ይሄን ሥራ የጀመሩት ወጣቶች ናቸው፣ ዲስትሪክት በዲስትሪክት ካርታ ሠርተው ሱቁ የሚበዛው ገቢያቸው ዝቅ ባለና ጥቁርና ሌላ ነጭ ያልሆነ ሕዝብ በሚበዛባቸው ዲስትሪክቶች መሆኑን አሳዩ፣ ያን ካርታ ይዞ ሱፐርቫይዘር (እዛ የካውንስል አባል የሚባለው) ኤሪክ ማር ሕጉን አቀረበ፣ በ2014 መጨረሻ ጸደቀ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፣ ልጆቹን እንዲገዙ እንዳትልኩ። አይዲ ሳይጠይቅ ይሸጣል ወይ የሚለውን መፈተሽ የኢንስፔክተር ሥራ ነው።

ባለሱቁ ምን እያደረጋችሁ ነው ቢል እውነቱን ንገሩት። ተደብቆ ፎቶ ማንሳት በኋላ ላይ አብራችሁት መቀመጥ የምትፈልጉትን ሰው ያስቀይማል።

ደረጃ 3፡ ቁጥሩን ወደ ንጽጽር ቀይሩት

ዘጠኝ ሱቅ አለ ማለት ብቻውን ምንም አይደለም፣ ሰፈራችሁ ትልቅ ስለሆነ ነው ይሏችኋል። ስለዚህ ለሺህ ሰው ስንት ሱቅ እንደሚደርስ አውጡ። የሕዝቡን ቁጥር ከሴንሰስ ዌብሳይት በየትራክቱ (ሴንሰሱ ከተማውን ከፋፍሎ በሚቆጥርበት ትንሽ ክልል) ታገኛላችሁ። ለምሳሌ እናንተ ጋ 5,600 ሰው ባለበት 14 ሱቅ ካለ፣ 14ን ለ5,600 አካፍላችሁ በ1,000 ስታባዙት 2.5 ይሆናል። ሌላው ሰፈር ላይ 6,400 ሰው ባለበት 4 ሱቅ ካለ 0.6 ገደማ ነው። አሁን አራት እጥፍ ነው ማለት ትችላላችሁ፣ ይሄ ቁጥር ነው ጋዜጠኛም ካውንስል ሜምበርም የሚጽፈው።

ከዛ የጤናውን ጨምሩ። ሲዲሲ፣ የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት፣ ፕሌስስ የሚባል ነጻ ዳታ አለው፣ በየሴንሰስ ትራክቱ ምን ያህል ሰው እንደሚያጨስ፣ የሳንባ በሽታው፣ የልብ በሽታው ስንት በመቶ እንደሚገመት ያሳያል። ግምት ነው፣ በሞዴል የተሠራ ነው፣ ስትጠቅሱት ግምት መሆኑን ተናገሩ። ሁለቱን ካርታ ጎን ለጎን አድርጋችሁ በአንድ ወረቀት አትሙት። ሱቁ ነው በሽታውን ያመጣው ብላችሁ አትከራከሩ፣ ያን ለማስረዳት ሳይንቲስት ያስፈልጋል፣ እናንተ ማለት ያለባችሁ በሽታው የከበደበት ሰፈር ላይ ሱቁም ተከምሯል፣ ከተማው ደሞ ፈቃዱን መስጠት ቀጥሏል ነው። ይሄን ማንም ሊያስተባብለው አይችልም።

ደረጃ 4፡ ምን ዓይነት ገደብ እንደምትፈልጉ ወስኑ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ ምክንያቱም ሱቅ የሚቀንስ ሕግ ሁሉ በሰፈሮች መሀል ያለውን ልዩነት አይቀንስም። ጥሩ ማሳያው ፋርማሲ ነው። ፋርማሲ ሲጋራ እንዳይሸጥ መከልከል በጣም ተገቢ ነው፣ መድኃኒትና ሲጋራ በአንድ ጣሪያ ስር ያሳፍራል፣ ሳንፍራንሲስኮ በ2008 ከአገሩ ቀድማ ከለከለች፣ ኒውዮርክ ከ2019 ጀምሮ። ግን አስቡት፣ ፋርማሲ የሚበዛው የት ነው? ደህና ገቢ ባለበት ሰፈር። ስለዚህ የከተማው ጠቅላላ ቁጥር ሲቀንስ እነሱ ጋ የበለጠ ይቀንሳል፣ እኛ ጋ ኮርነር ስቶሩና ሊከር ስቶሩ ባለበት ይቀራል። ይሄን ብቻውን አምጥተው ችግሩ ተፈታ ቢሏችሁ አትቀበሉ፣ ከሌላው ጋር ተደምሮ ይሁን በሉ።

ከትምህርት ቤት ርቀት የሚለው ግን የተለየ ነው። የተጨናነቀ ሰፈር ውስጥ ትምህርት ቤትም ሱቅም ተቀራርበው ስላሉ ሕጉ የሚነካው በአብዛኛው እንደኛ ያለውን ሰፈር ነው፣ ልጆቻችን የሚያልፉበትን መንገድ። የተለመደው 500 ጫማ ነው፣ 150 ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ አንዳንድ ቦታ 1,000 ጫማ ይጠይቃሉ። ሕጉ ሲረቀቅ ርቀቱ ከየት እስከ የት እንደሚለካ አስጽፉ፣ ከበር እስከ በር ነው ወይስ ከግቢ ወሰን እስከ ግቢ ወሰን? ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ከበር ወደ በር በእግረኛ መንገድ ከተለካ አጥር ተጋርቶ ያለ ሱቅ እንኳን ሊያመልጥ ይችላል። ከወሰን እስከ ወሰን ይሻላል።

ሦስተኛው የቁጥር ጣሪያ ነው፣ ዋናው እሱ ነው። ሦስቱ ከተሞች በሦስት መንገድ ነው የሠሩት። ሳንፍራንሲስኮ ለእያንዳንዱ 11 ዲስትሪክት 45 ፈቃድ አለች፣ ከዛ በላይ ባለበት አዲስ አይሰጥም፣ በተጨማሪም ከሌላ የሲጋራ ሱቅም ከትምህርት ቤትም 500 ጫማ መራቅ አለበት። ፊላደልፊያ በየፕላኒንግ ዲስትሪክቱ ለ1,000 ሰው አንድ አለች፣ ትምህርት ቤት 500 ጫማ ውስጥ አዲስ ፈቃድ የለም፣ የፈቃዱንም ክፍያ ከ50 ዶላር ወደ 300 ከፍ አደረገች። ኒውዮርክ በ2017 ባወጣችው ሕግ በየኮሚውኒቲ ዲስትሪክቱ የነበረውን ቁጥር ግማሽ ጣሪያ አደረገች፣ ሰው ሲለቅ እየቀነሰ እዛ እስኪደርስ አዲስ አይሰጥም።

የኔ አስተያየት፦ የፊላደልፊያው ይሻላል። የኒውዮርኩ ቀላል ነው ግን መጀመሪያ ብዙ የነበረው ሰፈር ግማሹም ቢሆን ብዙ ሆኖ ይቀራል፣ 100 የነበረው 50፣ 20 የነበረው 10፣ እጥፉ እንዳለ ነው። የሳንፍራንሲስኮው ለሁሉም አንድ ጣሪያ ስለሆነ ክምር ያለባቸውን ወደ ታች ይጎትታል፣ ግን የሚሠራው የዲስትሪክቶቹ ሕዝብ ተቀራራቢ ከሆነ ነው። በሕዝብ ቁጥር የተሠራ ጣሪያ ግን በቀጥታ እናንተ ደረጃ 3 ላይ ያወጣችሁትን ቁጥር ነው የሚነካው። ፊላደልፊያ ላይ በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ የሱቁ ብዛት ከሕዝቡ አንጻር ወደ 20 በመቶ ቀንሷል፣ ቅናሹም ድሃ ሰፈር ላይ የጎላ ነበር። ነባሩ ባለፈቃድም እያሳደሰ መቀጠል ይችል ነበር።

ደረጃ 5፡ ካውንስል ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ባለሱቆቹ ጋ ሂዱ

ይሄ ነው በጣም የሚከብደው፣ በተለይ ለኛ። ምክንያቱም ባለሱቁ ጋሽ እንትና ነው፣ ሠርጋችሁ ላይ የነበረ፣ እድሩ ውስጥ ያለ፣ ልጆቹን በዛች ሱቅ ኮሌጅ ያስተማረ ሰው ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከፍቶ እኩለ ሌሊት ይዘጋል። ሂሪንግ (ካውንስሉ የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ስብሰባ) ላይ ድንገት አይቷችሁ ይሄ ነገር ከናንተ ነው እንዴ የመጣው ቢል ፊቱን እንዴት ታዩታላችሁ? ስለዚህ ቀድማችሁ ሂዱ፣ ሱቁ ቀዝቀዝ በሚልበት ሰዓት፣ ሁለት ሆናችሁ፣ አንደኛው እሱ የሚያከብረው ትልቅ ሰው ይሁን፣ ወረቀት አትዘርጉ፣ መጀመሪያ እሱ ይናገር።

የሚላችሁን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሲጋራ ራሱ ብዙ አያተርፍም ግን ሰው ያመጣል፣ ሲጋራ ሊገዛ የገባ ቡና ይገዛል፣ ሎተሪ ይገዛል ይላል። እውነቱን ነው። ሁለተኛ እኔ ባልሸጥ ማዶ ያለው ይሸጣል ይላል፣ ይሄም እውነት ነው፣ መልሱ ግን ለዚህ ነው ለሁሉም እኩል የሆነ ሕግ የምንፈልገው ነው። ሦስተኛውን በቀጥታ ላይናገረው ይችላል ግን ትልቁ ስጋቱ እሱ ነው፦ ጡረታዬ ይቺ ሱቅ ናት፣ ነገ ስሸጣት ገዢው የሲጋራ ፈቃድ ከሌላት ዋጋዋን ይቀንስብኛል።

ይሄን ስጋት አታቃሉት፣ ትክክል ነው። አሁን ያለው ባለፈቃድ እያሳደሰ ይቀጥላል፣ ማንም አይነጥቀውም፣ ይሄን አስረግጣችሁ ንገሩት። ግን ሕጉ የሚሠራው ሱቁ ሲሸጥ ፈቃዱ አብሮ ስለማይተላለፍ ነው፣ ቁጥሩ በዋነኛነት የሚቀንሰው በዛች ቀዳዳ ነው፣ እሷን ከደፈናችሁ ሕጉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መደራደሪያው ጊዜ ነው። ለረጅም ዓመት ለሠራ ባለሱቅ አንድ ጊዜ ብቻ ለገዢው የሚተላለፍበት የሽግግር ጊዜ፣ ከባል ወደ ሚስት ወይ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲያልፍ እንደ ሽያጭ እንዳይቆጠር፣ ፈቃዱን በፈቃዱ ለሚመልስ ሰው ፍሪጅና መደርደሪያ እንዲገዛ ትንሽ ድጋፍ። ሳንፍራንሲስኮ ላይም ሕጉ ሲዘጋጅ ከአረብ አሜሪካውያን ባለግሮሰሪዎች ማኅበር ጋር ተቀምጠው ተነጋግረዋል። አንድ እንኳን ባለሱቅ ሂሪንግ ላይ ተነስቶ እኔ ሱቅ አለኝ ይሄን ሕግ ግን እደግፋለሁ፣ ልጆቼ እዚሁ ሰፈር ነው የሚያድጉት ካለ፣ ከሃምሳ ፊርማ ይበልጣል።

አልስማማም ካለም በሰላም ውጡ። የምትታገሉት ፈቃዱ ከሚሰጥበት አሠራር ጋር ነው፣ እሱ ጋ ነገም ዳቦ ትገዛላችሁ።

ደረጃ 6፡ ሰው አሰባስቡ፣ ሂሪንግ ላይ ተናገሩ

ቤተክርስቲያን፣ መስጊድ፣ እድር፣ የወላጆች ኮሚቴ፣ የሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተክርስቲያኖች። በተለይ የመጨረሻዎቹን አትርሱ፣ የሜንቶል ኩባንያዎች ለአሥርት ዓመታት ማስታወቂያቸውን ያነጣጠሩት በነሱ ሰፈር ላይ ነው፣ ይሄን ትግል ከኛ በፊት ጀምረውታል፣ እኛ የምንቀላቀል ነን። ካህናቱ ፖለቲካ ነው፣ ፈቃዳችን ይሰረዛል ብለው ከፈሩ እንዲህ በሏቸው፦ የሃይማኖት ተቋም ለምርጫ ተወዳዳሪ መቀስቀስ አይችልም እንጂ ስለ አንድ ሕግ አስተያየት መስጠት በተወሰነ መጠን ይፈቀድለታል።

መጀመሪያ የራሳችሁን ካውንስል ሜምበር ቢሮ ቀጠሮ ያዙ። አንድ ወረቀት ብቻ ስጡ፣ ካርታው፣ የሺህ ሰው ስሌቱ፣ የምትፈልጉት ገደብ በሦስት መስመር። ከዛ የጤና ኮሚቴውን ሰብሳቢ።

ሂሪንግ ላይ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ሁለት ወይ ሦስት ደቂቃ ነው፣ ይቋረጣል፣ ስለዚህ ዋናውን ነገር መጀመሪያ ተናገሩ። አማርኛ የሚቀናቸው እናቶች በአማርኛ ይናገሩ። ዲሲ ላይ በ2004 የወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አለ፣ አማርኛ ከስድስቱ ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ፣ ሌላም ከተማ ብትሆኑ ጠይቁ፣ ግን ከቀናት በፊት መሆን አለበት፣ ለተርጓሚ ጊዜው እንዲራዘምም አብራችሁ ጠይቁ። አንዷ እናት ባሌ በሳንባ ካንሰር ሞቷል፣ ቤቴና ሆስፒታሉ መሀል ይሄን ያህል የሲጋራ ሱቅ አለ ብላ ከተቀመጠች በኋላ እናንተ ቁጥሩን አቅርቡ። በዚህ ቅደም ተከተል።

ከሌላ ወገን ትልቅ ገንዘብ እንደሚመጣም እወቁ። ሳንፍራንሲስኮ ላይ በ2018 ጣዕም ያለው ትምባሆ ጉዳይ ለሕዝብ ድምጽ ሲቀርብ አር ጄ ሬይኖልድስ የተባለው ኩባንያ ወደ 12 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ቀስቅሷል፣ ሕዝቡ ግን 68 በመቶ ክልከላውን ደገፈ። ሰፈራችሁ ውስጥ ድንገት የባለሱቆች ጥምረት የሚል የሚያምር ፖስተር ካያችሁ ማን እንደከፈለው ጠይቁ።

ደረጃ 7፡ ቅጣቱ ማን ላይ እንደሚያርፍ ሕጉ ውስጥ አስጽፉ

ይሄ ላይ አልደራደርም። በሐምሌ 2014 ኤሪክ ጋርነር ኒውዮርክ ስታተን አይላንድ ላይ የሞተው ፖሊሶች ሲጋራ በፍሬ ይሸጣል ብለው ይዘውት ነው። እኛ አገር ሱቅ በደረቴ ሲጋራ በፍሬ ሲሸጥ ያየን ሰዎች ይሄ ነገር ምን ያህል ቀላል ነገር እንደነበረ እናውቃለን። ስለዚህ የሰፈራችንን ጤና ለመጠበቅ የሚወጣ ሕግ ፖሊስ ልጆቻችንን የሚያስቆምበት ሰበብ እንዳይሆን። ሕጉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፦ ተቆጣጣሪው የጤና ኢንስፔክተር ነው፣ ቅጣቱ በሻጩ ላይሰንስ ላይ ነው፣ መጀመሪያ ገንዘብ፣ ሲደጋገም ለተወሰነ ጊዜ እገዳ፣ ከዛ መሰረዝ። ገዝቶ የተገኘ ወይ በእጁ የያዘ ልጅ አይቀጣም፣ ማቆሚያ እርዳታ ያገኛል። የላይሰንሱ ክፍያም የኢንስፔክተሩን ደመወዝ የሚሸፍን ይሁን፣ አለዚያ በጀት የለንም ብለው ቁጥጥሩን ይተዉታል።

ደረጃ 8፡ ከጸደቀ በኋላ

የመጀመሪያው ዓመት ምንም አይታያችሁም፣ ሁሉም ሱቅ ባለበት ነው፣ ሰውም ምን ተጠቀምን ይላል። ቅናሹ የሚመጣው ሰው ጡረታ ሲወጣ፣ ሱቅ ሲሸጥ፣ ፈቃድ ሳያሳድስ ሲቀር ነው። ስለዚህ ሕጉ ውስጥ ከተማው በየዓመቱ በየዲስትሪክቱ የቀረውን የፈቃድ ቁጥር እንዲያሳትም አስገቡ፣ እናንተም በዓመቱ ያንኑ ቅዳሜ ያንኑ መንገድ ይዛችሁ ያንኑ ቅጽ ሙሉ። ከከተማው ዝርዝር የወጣ ሱቅ አሁንም እየሸጠ ካገኛችሁት አድራሻውንና ቀኑን ጽፋችሁ ለጤና ቢሮው ላኩ፣ በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ ኢሜይሉን ለካውንስል ሜምበሩ ቢሮ አስተላልፉት። ልዩ ፈቃድ የሚጠይቅ ማመልከቻ ሲቀርብም ቀኑን ተከታተሉ፣ ብዙ ጊዜ ማንም በሌለበት ማክሰኞ ጠዋት ነው የሚታየው፣ ከናንተ አንድ ሰው ካርታውን ይዞ እዛ ይቀመጥ።